ጥራጊ ተብሎ ስለ ተናቀው የሕዋስ መልእክት

ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ያለው የሚሌኒየም አዳራሽ የተሠራው ለሁለት ሺሕኛው ዓመት በዓል እንደ ነበረ የታወቀ ነው። ዳሩ ግን የኮሮና በሽታ በአገራችን መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገለጠ በኋላ፥ ዘፈንና የንግድ ትርዒት ይታይበት የነበረው ይህ አዳራሽ በዚያው ዓመት አልጋ ተዘርግቶበት የሕሙማን ማዕከል ሆነ። ከእርሱም አስቀድሞ በምሥራቅ አዲስ አበባ የሚገኘው የየካ ኮተቤ ሆስፒታል ለዚሁ በሽታ ተለይቶ ነበር። በሽታው ከያዛቸው ሰዎች አንዱ በጥቂት ቀን ሲድን፥ ሌላው ትንፋሽ አጥሮት፥ ደሙም በሥሩ ውስጥ እየረጋ ለሞት ይደርስ ነበር። ቫይረሱ አንድ ሆኖ ሳለ ፍጻሜው ስለ ምን ተለያየ? በቦሌው ማዕከል የሠሩ ሐኪሞች ባሳተሟቸው ጥናቶች የሕሙማኑን ዕድሜ፥ የስኳር በሽታንና የደም ግፊትን መርምረዋል። እኛ ደግሞ በዚህ አጭር ጽሑፍ የጥያቄውን ሌላ ወገን፥ ይኸውም ሕዋሳት እርስ በርሳቸው የሚላላኩበትን ኤክሶሶም የተባለ ጥቃቅን ከረጢት፥ ከታሪኩ ጀምረን ለመግለጥ እንሞክራለን። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የነገሩ መነሻ የደም መርጋት ጥናት ነው። በ1946 ቻርጋፍና ዌስት የተባሉ ሊቃውንት በኒው ዮርክ ፕላዝማን በፈጣን ማሽከርከሪያ ባሽከረከሩት ጊዜ፥ ከሥር የዘቀጠው ነገር ደምን የማርጋት ኀይል እንዳለው ተመለከቱ። በ1967 ደግሞ እንግሊዛዊው ፒተር ዎልፍ ይህ ዝቃጭ ፕሌትሌት ከሚባሉት ደም አርጊ ክፍሎች የሚራገፍ መሆኑን ገልጦ «የፕሌትሌት አቧራ» አለው። ስሙ ራሱ ነገሩ ምን ያህል ተንቆ እንደ ነበረ ያስረዳል።

በ1983 በአሜሪካ የሃርዲንግና የስታል ቡድን የአይጥን፥ በካናዳ በመጊል ዩኒቨርሲቲ ፓንና ሮዝ ጆንስቶን የበግን ለጋ ቀይ የደም ሕዋስ ሲመረምሩ ተመሳሳይ ነገር አገኙ። ሕዋሱ በሚጎለምስበት ጊዜ ብረት የሚቀበልበትን ፕሮቲን ከእንግዲህ ስለማይፈልገው፥ በውስጡ ባለ ትልቅ ከረጢት ውስጥ ብዙ ታናናሽ ከረጢቶች ያበጃል። ከዚያም ትልቁ ከረጢት ከሕዋሱ ሽፋን ጋር ሲዋሐድ ታናናሾቹ ወደ ውጭ ይፈስሳሉ። ጆንስቶን በ1987 እነዚህን ኤክሶሶም ብላ ጠራቻቸው። ይሁን እንጂ አብዛኛው ሊቅ ነገሩን ከቤት ተጠርጎ እንደሚጣል ጥራጊ አድርጎ ማየቱን አልተወም።

ይህን አሳብ የለወጡት ሁለት ሥራዎች ናቸው። በ1996 ራፖሶና ባልደረቦቿ ከነጭ የደም ሕዋስ የወጣ ኤክሶሶም ሌሎችን የመከላከያ ሕዋሳት ለሥራ ሊያነሣሣ እንደሚችል አሳዩ። በ2007 በስዊድን የቫላዲና የሎትቫል ቡድን በኤክሶሶም ውስጥ አርኤንኤ፥ ማለት የፕሮቲን አሠራር ትእዛዝ፥ መኖሩን፥ የተቀበለውም ሕዋስ በትእዛዙ ፕሮቲን መሥራቱን ገለጡ። እንግዲህ ጥራጊ የተባለው ነገር ደብዳቤ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። ይህም ደብዳቤ ከ30 እስከ 150 ናኖሜትር ያህል ብቻ ስለ ሆነ፥ ባለ 100 ናኖሜትሮቹ ዐሥር ሺሕ ቢሰለፉ አንድ ሚሊሜትር ይሞላሉ።

አሁን ወደ ኮሮና በሽታ እንመለስ። በ2021 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፥ በጽኑ በታመሙት ሰዎች ደም ውስጥ መርጋትን የሚያስጀምር ፕሮቲን የተሸከሙ ከረጢቶች ሥራ ከፍ ብሎ ተገኝቷል፤ ይህም ቻርጋፍና ዌስት በ1946 ያዩት ኀይል ነው። በ2022 ደግሞ ቫይረሱ ወደ ሕዋስ ለመግባት የሚይዘውን ኤሲኢ 2 የተባለ ፕሮቲን የተሸከሙ ከረጢቶች መኖራቸው፥ ቫይረሱም በሕዋሱ ፈንታ እነርሱን ይዞ እንደሚታገድ በአይጦች ጭምር ታየ። ስለዚህ መልእክተኛው አንዱን ሲጎዳ ሌላውን ሊጠብቅ ይችላል።

ደብዳቤ የሚልኩት የሰው ሕዋሳት ብቻ አይደሉም። በደጋና በወይና ደጋ አገራችን ፊትን የሚያቆስለው ቁንጭር የሚመጣው ሽኮኮ ውስጥ በሚኖር ሌይሽማንያ ኤትዮፒካ በተባለ ጥገኛ ተውሳክ ሲሆን፥ ወደ ሰው የምታስተላልፈው ትንሽ ዝንብ ናት። በ2015 ከዚያው ከመጊል ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት፥ የሌላ ሌይሽማንያ ዝርያ ኤክሶሶም ከዝንቧ ሆድ ከተውሳኩ ጋር አብሮ ወደ ቆዳ እንደሚገባና ቁስሉን እንደሚያብስ አሳይቷል። የእኛው ዝርያ ምን እንደሚልክ መመርመር በተለይ የእኛ ፈንታ ነው።

ሆኖም ከመቸኮል መጠንቀቅ ይገባል። ከሕዋስ የሚወጣ ከረጢት ሁሉ ኤክሶሶም አይደለም፤ ከሽፋኑ በቀጥታ የሚቆረጥም አለ፤ ሁለቱን መለየትም አስቸጋሪ ነው። በ2019 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት፥ በነብራስካ ግዛት ኤክሶሶም አለበት የተባለ ነገር የተሰጣቸው ሕሙማን ጽኑ ጉዳት እንደ ደረሰባቸው ገልጦ፥ እስከዚያን ጊዜ የተፈቀደ የኤክሶሶም መድኃኒት እንደሌለ አስጠንቅቋል።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው ነገር አለ። የቦሌው ማዕከል ሐኪሞች በመዝገብ የጻፉት ስለ ተጠበቀ ጥናት ሆኖ ሊነበብ ችሏል፤ ከምርመራ ተርፎ ከተጣለ ደም ግን ማንም ምንም አያነብም። ስለዚህ ሌላ ወረርሽኝ ቢመጣ፥ በሕሙማኑ ፈቃድ ከእያንዳንዱ ጥቂት ፕላዝማ በብርቱ ቅዝቃዜ እንዲቀመጥ ከአሁኑ ሥርዐት ሊበጅ ይገባል እንላለን። ያለፉት ሊቃውንት ደብዳቤውን ጥራጊ ነው ብለው ቢተዉት ስላላወቁ ነው፤ እኛ ግን ካወቅን በኋላ ብንጥለው ምክንያት የለንም።