የስንዴ ቢራው ታሪክና የመጠባበቂያ ሒሳባችን

የሐረር ብርድ የሚጠናው በኅዳርና በታኅሣሥ ወራት እንደሆነ ይታወቃል። በአንድ የታኅሣሥ ምሽት አቦከር ውስጥ ከውጭ አገር የመጣ እንግዳ የቤልጅየም የስንዴ ቢራ አቀመሰን። እንደ ጠላ ደፍረስ ብሎ ነጣ ያለ፣ የድንብላልና የብርቱካን ልጣጭ ሽታ ያለው ነው። ከተቀመጡት አንዱ «ይህስ ለድሬዳዋ ሙቀት ነው የሚሆነው» ብሎ አሳቀን። እኔ ግን በሙያዬ ምክንያት የታየኝ የአርሶ አደሩ እጅ ነው፤ መጠጡ የሚጠመቀው ብቅል ካልሆነ ስንዴና ከገብስ ብቅል ነውና።

የዚህ ቢራ አገሩ ሁጋርደን የተባለች የቤልጅየም ከተማ ናት። በከተማዋ የቀረው የመጨረሻው የነጭ ቢራ ጠማቂ እ.ኤ.አ. በ1957 ሥራውን አቆመ። ወተት በማከፋፈል ይተዳደር የነበረው ፒየር ሴሊስ ሙያው እንዳይጠፋ በማሰብ እ.ኤ.አ. በ1966 ጠመቃውን እንደገና ጀመረ። ሥራው ሰፍቶ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1985 ፋብሪካው በእሳት ተቃጠለ። የመድን ሽፋኑ በቂ ስላልነበረ መልሶ ለመሥራት ከትልቅ ኩባንያ ገንዘብ ተቀበለ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም ድርሻውን ሸጦ ወጣ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የሐረር ቢራ ፋብሪካ በመንግሥት የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። ሐኪም ስታውትና አልኮል የሌለው ሐረር ሶፊ የሚታወቁ ምርቶቹ ሲሆኑ፣ ሐኪምም ሶፊም የአካባቢያችን የቦታ ስሞች ናቸው። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ2011 ከበደሌ ቢራ ጋር በጠቅላላው በ163 ሚሊዮን ዶላር ለሄኒከን ተሸጠ።

የቢራ ገብስ በብዛት የሚመረተው በአርሲና በባሌ ደጋ ነው። ለረጅም ዓመታት ዋናው የአገሪቱ ብቅል አምራች የነበረው የአሰላ ብቅል ፋብሪካም እ.ኤ.አ. በ1984 የተቋቋመ ነው። አርሶ አደሩ ገብሱን በጥሬው ይሸጣል፤ ብቅል ሲሆን የሚጨምረው ዋጋ ግን ለሌላ ይቀር ነበር። የኦሮሚያ ግብርና ኅብረት ሥራ ማኅበራት ፌዴሬሽን ይህንኑ ፋብሪካ መግዛቱ አርሶ አደሩ የፋብሪካ ባለቤት መሆን እንደሚችል ያሳየ ነው።

ይሁን እንጂ ባለቤት መሆን ብቻውን እንደማይበቃ የሁጋርደኑ ታሪክ ያስተምረናል። ጠማቂው ገበያም ሙያም ነበረው፤ ያጣው የክፉ ቀን ስንቅ ነው። በየጠቅላላ ጉባኤው «ትርፉ ሁሉ ይከፋፈልን፤ መጠባበቂያው ምን ያደርግልናል?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ጥያቄው የችግር ጥያቄ ስለሆነ አይናቅም። ነገር ግን መጋዘን ሲቃጠል ወይም ዝናብ ሲቀር ማኅበሩን ከአበዳሪ እጅ የሚያድነው ያ የተቀመጠው ገንዘብና በወቅቱ የተከፈለው የመድን ዓረቦን ነው።

ስለዚህ አባላት ትርፋችንን ስንካፈል መጠባበቂያውን እንደ ዘር እህል እንየው፤ የወረዳ አመራሮችም ሒሳቡ በየዓመቱ ተመርምሮ ለአባላት በግልጽ እንዲነገር ድጋፋችሁ አይለየን። እንኳን ለምሥረታ በዓላችን አደረሰን!