ከማሽን ቋንቋ ወደ ምንጩ፦ የዲኮምፓይለር ታሪክ እና የማይመለሰው ነገር



የዛሬው ንግግሬ ወደኋላ ስለሚሄድ አንድ ሥራ ታሪክ ነው። ኮምፓይለር ሰው የጻፈውን ፕሮግራም ወደ ማሽን ቋንቋ ይለውጣል። የተለወጠውን ይዞ ወደ ተጻፈው ለመመለስ የሚደረገውን ጥረት ደግሞ ዲኮምፓይል ማድረግ እንለዋለን። ብዙዎቻችሁ ይህን ሥራ ከሰርጎ ገቦችና ከሶፍትዌር ዘራፊዎች ጋር አያይዛችሁ ሰምታችሁ ይሆናል። ታሪኩ ግን የሚጀምረው ከሌላ ችግር ነው፤ ባለቤቱ በእጁ ያለውን የራሱን ፕሮግራም ማንበብ ከመቸገሩ። ከ60 ዓመታት በላይ በዘለቀው በዚህ ታሪክ ውስጥ መሣሪያዎቹ እጅግ ረቅቀዋል። ይሁንና በየዘመኑ የተመለሰው ፕሮግራሙ ምን እንደሚያደርግ ነው፤ ለምን እንደሚያደርግ ግን በየትኛውም ዘመን በመሣሪያ አልተመለሰም። የንግግሬ ፍሬ ነገር ይኸው ነው።

ፎርትራን እ.ኤ.አ. በ1957 ለተጠቃሚ ከቀረበ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1960፣ በሳን ዲዬጎ በሚገኘው የአሜሪካ የባሕር ኃይል ኤሌክትሮኒክስ ላቦራቶሪ ዲ-ኔሊያክ የተባለ ፕሮግራም ተሠራ። ሠሪዎቹ ጆኤል ዶኔሊ እና ኸርማን ኢንግላንደር ሲሆኑ፣ የኔሊያክ ቋንቋ ሥራ ይመራ የነበረው ሞሪስ ሃልስቴድ ነበር። በማሽን ቋንቋ የተጻፈ ፕሮግራም ከአንድ ዓይነት ኮምፒዩተር ጋር የተቆራኘ ነው፤ ኮምፒዩተሩ ሲለወጥ ፕሮግራሙም አብሮ ይሞታል። ወደ ኔሊያክ ከተመለሰ ግን ለሌላ ማሽን እንደገና ኮምፓይል ሊደረግ ይችላል። በ1960ዎቹ ውስጥ ለተሠሩት አብዛኞቹ ዲኮምፓይለሮች ምክንያቱ ይኸው ከአሮጌ ማሽን ወደ አዲስ የመሻገር ጉዳይ ነበር። እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር ልብ በሉ። እነዚያ ፕሮግራሞች ከመጀመሪያው በእጅ በማሽን ቋንቋ የተጻፉ ስለነበሩ፣ ዲኮምፓይለሩ «ያስመለሰው» ምንጭ ቀድሞ ያልነበረ ምንጭ ነበር። ስለዚህም «ማስመለስ» የሚለውን ቃል በጥንቃቄ እንድትጠቀሙበት እመክራለሁ።

ሥራው ለምን ከባድ ሆነ? በዛሬዎቹ ኮምፒዩተሮች ትእዛዝም መረጃም በአንድ ማኅደር ውስጥ እንደ ቁጥር ተደባልቀው ይቀመጣሉ። የትኛው ቁጥር ትእዛዝ፣ የትኛው መረጃ እንደሆነ ለማንኛውም ፕሮግራም ሳይሳሳት የሚለይ ዘዴ ሊኖር አይችልም። ይህ አለን ቱሪንግ እ.ኤ.አ. በ1936 ካሳየው የማይፈታ ጥያቄ ጋር የተያያዘ የሒሳብ ወሰን ነው፤ የተሻለ ማሽን በመግዛት አይታለፍም። በዚህ ላይ ኮምፓይለሩ ሲሠራ የተለዋዋጮችን ስም ይጥላል፣ ዓይነታቸውን ይደመስሳል፣ የድግግሞሽ ትእዛዞችን ወደ ዝላይ ይለውጣል። ፕሮግራም ጸሐፊው በጎን የጻፋቸውን ማስታወሻዎችማ ገና ከመነሻው አያነባቸውም። በአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ንባብ እና ትርጓሜ የተለያዩ ቤቶች ናቸው፤ ንባቡን የጨረሰ ተማሪ ትርጓሜውን ለማግኘት ሌላ መምህር ይፈልጋል። ኮምፓይለር ንባቡን ለማሽኑ ያስተላልፋል፤ ትርጓሜውን በር ላይ ይተወዋል።

ከአፖሎ 11 የበረራ ኮምፒዩተር ፕሮግራም ጋር አነጻጽሩት። ያ ምንጭ በወረቀት ታትሞ በኤምአይቲ ሙዚየም ስለተጠበቀ፣ በጎ ፈቃደኞች ከወረቀቱ ወደ ኮምፒዩተር ገልብጠውት ዛሬ ማንም ሊያነበው ይችላል። የመሐንዲሶቹ ማስታወሻ፣ ቀልዳቸው ሳይቀር፣ አብሮ ደርሶናል። ይህን ያህል ያቆየው የረቀቀ መሣሪያ ሳይሆን ወረቀት ነው።

ዲኮምፓይል ማድረግ ሥርዓት ያለው የጥናት መስክ እንዲሆን ትልቁን አስተዋጽኦ ያደረገችው ክርስቲና ሲፉንቴስ ናት። እ.ኤ.አ. በ1994 በአውስትራሊያ ለኩዊንስላንድ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ባቀረበችው የዶክትሬት ጽሑፍ፣ ሥራውን እንደ ኮምፓይለር በሦስት ክፍል ከፈለችው፦ ማሽኑን የሚያነብ ፊተኛ ክፍል፣ ከማሽንም ከቋንቋም ነጻ የሆነ መካከለኛ ክፍል፣ እና የሲ ቋንቋ የሚጽፍ ኋለኛ ክፍል። ዲሲሲ የተባለው ፕሮግራሟ የኢንቴል 80286 የዶስ ፕሮግራሞችን ወደ ሲ ይመልስ ነበር። ድግግሞሹንና ቅድመ ሁኔታውን ከዝላዮቹ መካከል ለይቶ ያወጣል፤ ስሞቹ ግን ጠፍተዋልና ለተለዋዋጮቹ ተራ ቁጥር ይሰጣቸዋል።

ጃቫ እ.ኤ.አ. በ1995 ሲመጣ ሚዛኑ በድንገት ተለወጠ። የጃቫ ኮምፓይለር ለእውነተኛ ማሽን አይጽፍም፤ ባይትኮድ ለሚባል መካከለኛ ቋንቋ ይጽፋል። ይህም ባይትኮድ በየትኛውም ኮምፒዩተር ላይ እንዲሠራ የክፍሎችን፣ የተግባራትንና የዓይነቶችን ስም ይዞ ይጓዛል። በሚቀጥለው ዓመት ሃንፔተር ፋን ፍሊት ሞካ የተባለውን ዲኮምፓይለር ሲያወጣ የጃቫ ጸሐፊዎች ሥራቸው ራቁቱን እንደቀረ ተገንዝበው ተደናገጡ። ያው ሰው ክሬማ የተባለ ስሞችን የሚያደናግር ፕሮግራምም ሠራ፤ ሰይፉና ጋሻው ከአንድ አንጥረኛ ወጡ ማለት ነው። በዚያው በ1996 መጨረሻ በ34 ዓመቱ አረፈ።

ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጣው ዶትኔት ተመሳሳይ መንገድ ተከተለ፤ ለብዙ መሥሪያ ቤቶች የዌብ አፕሊኬሽን መሠረትም ሆነ። ሉትዝ ሮደር የጻፈው ሪፍሌክተር ለዓመታት በነጻ ካገለገለ በኋላ፣ የያዘው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2011 የሚከፈልበት እንደሚሆን ሲያስታውቅ፣ አይኤልስፓይ የተባለው ክፍት ምንጭ ተተኪ ተወለደ። በእንዲህ ዓይነት አፕሊኬሽን ሰርቨሩ ላይ የሚገኘው ቢን የተባለ አቃፊና በውስጡ ያሉት ዲኤልኤል ፋይሎች ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ የክፍልና የተግባር ስሞች እንዳሉ ይወጣሉ፤ በተግባሩ ውስጥ ብቻ ያሉ ተለዋዋጮች ስም ግን በአብዛኛው አይገኝም። አብረው ኮምፓይል የተደረጉ ገጾች ደግሞ በኤችቲኤምኤል መልክ አይመለሱም፤ ጽሑፍን ቁራጭ በቁራጭ የሚያትሙ ረጃጅም የትእዛዝ ሰልፎች ሆነው ይገኛሉና በእጅ እንደገና መገጣጠም ያስፈልጋል። አሳሹ ላይ የሚሠራው ጃቫስክሪፕትስ? ተጨምቆና ስሙ ወደ አንዲት ፊደል አጥሮ ይመጣል። ሠሪዎቹ ሶርስ ማፕ የተባለውን ፋይል ሰርቨሩ ላይ ረስተውት ከሄዱ ግን ዋናው ምንጭ ከነማስታወሻው ሊገኝ ይችላል። የአንዱ ቸልተኝነት ለሌላው ቤተ መዛግብት ይሆናል።

ሕጉ ዘግይቶ ተከተለ። የአውሮፓ ማኅበረሰብ እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጣው መመሪያ፣ አንድን ፕሮግራም ከሌላ ጋር ለማግባባት ሲባል ብቻ በጠባብ ሁኔታ ዲኮምፓይል ማድረግን ፈቀደ። ለኛ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የቤልጂየም ጉዳይ ነው። ቶፕ ሲስተም የተባለ ኩባንያ፣ የመንግሥት ሠራተኞችን ለሚመለምለው ሴሎር ለተባለ መሥሪያ ቤት አፕሊኬሽኖች ሠርቶ ነበር። መሥሪያ ቤቱ አንድን ብልሽት ያለበት ተግባር ለማሰናከል የፕሮግራሙን ክፍል ዲኮምፓይል አደረገ፤ ኩባንያውም ከሰሰ። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ጥቅምት 6 ቀን 2021፣ ፕሮግራሙን በሕጋዊ መንገድ የገዛ ሰው ስሕተት ለማረም አስፈላጊ በሆነው መጠን፣ የውሉን ቃል አክብሮ፣ ዲኮምፓይል ማድረግ ይችላል ሲል ወሰነ። እንደ እኔ አስተያየት ውሳኔው ትክክል ነው፤ የገዙት ዕቃ ሲበላሽ ከፍቶ ማየት መብት ሊሆን ይገባል። በአገራችን አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ጥበቃ ከሚደረግላቸው ሥራዎች መካከል ስለሚቆጥር፣ ማንም ተማሪ በእጁ የገባውን ፋይል ሁሉ መክፈት ይፈቀድልኛል ብሎ እንዳያስብ።

በመጨረሻ በዓይኔ ያየሁትን አንድ ጉዳይ ልጥቀስ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ መሥሪያ ቤት የሠራተኞችን የአገልግሎት ዘመን የሚያሰላ የዌብ አፕሊኬሽኑን ማሻሻል ፈልጎ ምንጩን አጣ። በኮንትራት የሠሩት ሁለት ወጣቶች ለቀው ሄደዋል፤ በውሉ ውስጥ ምንጩን ስለማስረከብ የሚናገር አንቀጽ የለም። የቀረው ቢን አቃፊው ብቻ ነበር። በኃላፊዎቹ የጽሑፍ ፈቃድ ሥራውን ጀመርን፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ አብዛኛው ኮድ ተመለሰ። በስሌቱ መካከል ግን ከአንድ የተወሰነ ዓመት በፊት ለተቀጠሩ ሠራተኞች ሁለት ወር የሚጨምር ቅድመ ሁኔታ አገኘን። ስሕተት ይሁን ሕግ ከኮዱ ማወቅ አልተቻለም። ብናስወግደው ጡረታቸው የሚነካ ሰዎች ነበሩ።

መልሱን ያመጡልን ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ወራት የቀራቸው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናቸው። ጥያቄውን እንደሰሙ ተነሥተው ከአሮጌ ፋይል ውስጥ አንድ የሰርኩላር ደብዳቤ አወጡ፤ ሁለቱ ወራት ከነምክንያታቸው እዚያ ተጽፈዋል። በዚያው ስሌት ውስጥ ቁጥሩ 14 የሆነውን ቅርንጫፍ ከአንድ ቅናሽ ነጻ የሚያደርግ ሌላ መስመርም ነበር። እሳቸውም አላወቁትም፤ ደብዳቤም አልተገኘለትም። በአዲሱ ምንጭ ውስጥ ባለበት ትተን፣ ከጎኑ «ምክንያቱ አልታወቀም፤ ሳይጣራ አይነካ» የሚል ማስታወሻ ጻፍንበት።