የበረዶ ናዳ በስዊዘርላንድ አልፕስ

የበረዶ ናዳ በተራራ ተዳፋት ላይ የተከመረ በረዶ ድንገት ተንዶ ቁልቁል የሚወርድበት የተፈጥሮ አደጋ ነው። በአልፕስ ሸለቆዎች ለዘመናት መንደሮችን ሲያጠፋ ኖሯል። ዛሬ ግን በስዊዘርላንድ ከሟቾቹ የሚበዙት ከተከለለው የሸርተቴ ሜዳ ውጭ ለበረዶ ሸርተቴ ወይም ለተራራ ጉዞ የወጡ ሰዎች ናቸው። ናዳውንም አብዛኛውን ጊዜ የሚቀሰቅሱት ራሳቸው ወይም ጓደኞቻቸው ናቸው፤ በፊልም እንደሚታየው ጩኸት ናዳ አያስነሳም።

መነሻው ከላይ የማይታይ ደካማ ንብርብር ነው። በቅዝቃዜው ወራት መጀመሪያ የሚጥለው በረዶ ስስ ሲሆን መሬቱ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ይቆያል፤ ጥርት ባለ ሌሊት ግን የበረዶው ገጽ እጅግ ይቀዘቅዛል። በዚህ ልዩነት የተነሳ ከሥር እንፋሎት ይወጣና ቅንጣቶቹን ያሳድጋቸዋል፤ እርስ በርስ መያያዝም ያቆማሉ። ያን በረዶ በእፍኝ ቢዘግኑት እንደ ስኳር በጣት መሐል ይፈስሳል። በላዩ አዲስ በረዶ ሲጥልና ነፋስ ሲከምርበት ጠንካራ ሽፋን ይሠራል። ተዳፋቱ ከ30 ዲግሪ በላይ ከሆነ የአንድ ሰው ክብደት ደካማውን ንብርብር ሊሰብረው ይችላል፤ ስንጥቁ በቅጽበት ይሮጥና ሽፋኑ በሰፊው ተቆርሶ ይወርዳል። አንዳንዴ አስቀድሞ ከእግር ሥር የታፈነ ድምፅ ይሰማል። ይህን የሰማ ሰው መመለስ አለበት።

እ.ኤ.አ. በ1950–51 የቅዝቃዜ ወራት በስዊዘርላንድ 98 ሰዎች በናዳ ሞቱ። ከዚያ ወዲህ የአደጋ ካርታ፣ የብረት አጥርና ደን መንደሮችን በእጅጉ ጠብቀዋል። ካርታም ቢሆን ይሳሳታል፦ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1999 በጎረቤት ኦስትሪያ ጋልቱር መንደር 31 ሰዎች ሲሞቱ፣ ናዳው የደረሰው ስጋት የለበትም እስከተባለው ቦታ ድረስ ነበር።

በዳቮስ ከተማ ያለው የበረዶና የናዳ ምርምር ተቋም በቅዝቃዜው ወራት በየቀኑ ማምሻውን ትንበያ ያወጣል። እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ አውሮፓ የሚጠቀምበት የአደጋ መለኪያ አምስት ደረጃዎች አሉት። ብዙ ሰው የሚሞተው ከፍተኛው በሆነው በአምስተኛው ሳይሆን በሦስተኛው ነው። በአራትና በአምስት ተጓዡ ከቤቱ አይወጣም፤ በሦስት ግን ፀሐይ ወጥታ፣ በረዶው አምሮ ሊጠብቀው ይችላል። ቁጥሩ መካከለኛ መምሰሉ ያዘናጋል።

የተቀበረ ሰው በመጀመሪያዎቹ ከ10 እስከ 15 ደቂቃዎች ውስጥ ከወጣ ብዙውን ጊዜ ይተርፋል፤ ከዚያ በኋላ ታፍኖ የመሞቱ ዕድል በፍጥነት ያይላል። ሄሊኮፕተር በዚህ ጊዜ ውስጥ እምብዛም ስለማይደርስ የሚያድነው አጠገቡ ያለ ጓደኛ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ተጓዥ በ457 ኪሎ ኸርዝ የሚሠራ መፈለጊያ ራዲዮ፣ መውጊያ ዘንግና አካፋ ይይዛል። ለነፍስ አድን ጥሪ በቫሌ ካንቶን 144፣ በሌሎቹ ካንቶኖች 1414 ይደወላል።