ወደቡን እንጂ መርከቡን ማን አሰበ?

የዛሬው ረዘም ይላል፤ ቡና ይዛችሁ ብታነቡት ይሻላል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛን ስጠቅስ እናገራለሁ።

ጉዳዩ መርከብና በሽታ ነው። በተለይ እነዚያ ባለ ብዙ ፎቅ የመዝናኛ መርከቦች፣ "ክሩዝ" የሚሏቸው። ባሕር የሌለን ሰዎች ምን አገባን እንዳትሉኝ። አሜሪካ ያለው ዘመዳችን እናቱን ይዞ ከፍሎሪዳ በመርከብ ሽርሽር ሲወጣ ፎቶውን ላይክ የምናደርገው እኛው ነን። ደግሞ በኮሮና ጊዜ "ኳራንቲን" የምትለዋን ቃል ያልተናገረ ማን አለ? ቃሏ ወደ እኛ የመጣችው ከመርከብ ወርዳ ነው።

ዛሬ ዱብሮቭኒክ የምትባለው የክሮኤሺያ ከተማ በድሮ ስሟ ራጉሳ ትባል ነበር። በንግድ የምትኖር የወደብ ከተማ ነች። ጥቁሩ ሞት የተባለው ወረርሽኝ አውሮፓን ካጨደ በኋላ፣ በ1377 የከተማዋ ምክር ቤት አንድ ሕግ አወጣ፦ ወረርሽኝ ካለበት አገር የመጣ ሰው በአንዲት ትንሽ ደሴት ወይም በአቅራቢያው ባለች ሌላ ከተማ አንድ ወር ሳይቆይ ራጉሳ አይገባም። ቬኒስ ደግሞ በ1423 ለታማሚዎች ቋሚ ማቆያ ደሴት ላይ አዘጋጀች። ቀኑም ከ30 ወደ 40 አደገ። በጣሊያንኛ 40 "ኳራንታ" ነው፤ ኳራንቲን ከዚያ መጣ። ለምን 40 ሆነ ለሚለው ብዙዎች ከሃይማኖት ጋር ያያይዙታል። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ ክርስትና በሚነሳበት አገር ላደግን ሰዎች ቁጥሩ እንግዳ አይደለም።

ልብ በሉ፣ ያኔ ጀርም የሚባል ነገር ማንም አያውቅም። ሐኪሞቹ በሽታ የሚመጣው ከተበላሸ አየር ነው ይሉ ነበር። የወደብ ሰዎች ግን አንድ ነገር አይተዋል፤ መርከብ ይመጣል፣ ከጥቂት ቀን በኋላ ሰው ይሞታል። ይህን አይቶ ሕግ ማውጣት ትልቅ ነገር ነው፤ ክፍል ውስጥም ሁሌ አደንቀዋለሁ።

አድንቄ ስጨርስ ግን አንድ ጥያቄ አስከትላለሁ። ሕጉ ማንን ነው የሚጠብቀው? ከተማዋን። መርከቡ ላይ ያለው ሰውስ? ጤነኛውና በሽተኛው አንድ ላይ ተዘግቶ ቀን ይቆጥራል። ካልታመመ ይወርዳል፣ ከታመመ ታመመ፣ በቃ። ሕጉ ሌላ ጣጣም ነበረበት። ካፒቴኑን ውሸታም አደረገው። ወደብ ፊት ለፊት ቆሞ የሚያልፈው እያንዳንዱ ቀን ኪሳራ ነው፤ ዕቃው ይበላሻል፣ ገበያው ያልፋል። "መርከቤ ላይ በሽተኛ አለ" ብሎ የተናገረ ካፒቴን የሚከፈለው በኪሳራ ነበር።

ይህ እስከምን እንደሚያደርስ 1865 ላይ እንይ። በዚያ ዓመት ከመካ በሚመለሱ ሐጃጆች መካከል ኮሌራ ተነስቶ ነበር። ከጅዳ ሱዌዝ የደረሰው የመጀመሪያው የእንፋሎት መርከብ ካፒቴን፣ በጉዞ ላይ ሞተው ባሕር የተጣሉት ሰዎች የሞቱት በተላላፊ በሽታ አይደለም ብሎ ቃሉን ሰጠ። መርከቡ አለፈ። በቀናት ውስጥ ኮሌራው ሱዌዝ ላይ ታየ፣ በሰኔ እስክንድርያ ገባ፣ ከዚያ በሜዲትራኒያን ወደቦች በኩል አውሮፓን አዳረሰ። ግብፅ ውስጥ ብቻ 60 ሺህ ያህል ሰው እንደሞተ ይነገራል። ኮሌራው በቀይ ባሕር ማዶም አልቀረም፤ በአፄ ቴዎድሮስ የመጨረሻ ዓመታት እኛም አገር ደርሷል። በማግሥቱ 1866 መንግሥታቱ ቁስጥንጥንያ ላይ ተሰብስበው ስለዚህ ጉዳይ መከሩ፤ እየቆየም የመን ፊት ለፊት ባለችው የከማራን ደሴት ሐጃጆች የሚቆዩበት ትልቅ ኳራንቲን ተከፈተ። ምክክሩ በሙሉ በሽታው አውሮፓ እንዳይደርስ ነበር። መርከቡ ውስጥ ተፋፍጎ ስለሚጓዘው ሐጃጅ የተጨነቀ ጥቂት ነው።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ ወደብን መጠበቅ ትንሽ ነገር አይደለም። ለዚህ ከሁለቱ ሳሞአዎች የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ያሉ ጎረቤታሞች ናቸው፤ ሕዝቡ አንድ፣ ቋንቋው አንድ። በ1918 ግን ምዕራቡን ኒውዚላንድ፣ ምሥራቁን አሜሪካ ያስተዳድሩት ነበር። ታሉን የምትባል መርከብ ከኦክላንድ ተነስታ ኅዳር 7 ቀን ምዕራብ ሳሞአ፣ አፒያ ወደብ ደረሰች። የዓለም ኢንፍሉዌንዛ ጊዜ ነው። መርከቧ በመንገዷ ላይ ፊጂ ደሴት ገደብ ተጥሎባት ነበር። አፒያ ላይ ግን ያለ ምንም ገደብ ገባች፣ የታመሙት መንገደኞችም ወረዱ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 8,500 ያህል ሰው አለቀ። ከአምስት ሰው ከአንድ በላይ ማለት ነው! ቀባሪ ጠፍቶ ሬሳ በጅምላ ጉድጓድ ተቀበረ። የምሥራቁ አስተዳዳሪ ጆን ፖየር ደግሞ ወደቡን ዘጋ፤ መርከቦችን ለቀናት አቆየ፣ ከምዕራብ የሚመጡ ጀልባዎችን መለሰ። በእሱ ግዛት በኢንፍሉዌንዛው አንድም ሰው አልሞተም። የኒውዚላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ሔለን ክላርክ በ2002 አፒያ ድረስ ሄደው ለዚህና በአስተዳደር ዘመኑ ለተሠሩ ሌሎች በደሎች ይቅርታ ጠይቀዋል።

ያ የኅዳር ወር ለእኛ አዲስ አይደለም። በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን የጨረሰው "የኅዳር በሽታ" ይኸው ኢንፍሉዌንዛ ነው። ኅዳር 12 ቀን ሰፈር ለሰፈር ቆሻሻ ሰብስበን ስናጤን የምናስበው ያንን ነው። ተማሪዎቼ፣ ባለፈው ኅዳር "ቲቸር፣ ይሄ ጭስ ለምንድነው?" ያላችሁኝ ይኸውላችሁ።

እንግዲህ 102 ዓመት ዘለን ዮኮሃማ እንውረድ። ይህ ታሪክ አብዛኞቻችን በቴሌቪዥን ያየነው ነው፤ ግን ያየነው ከውጭ፣ ከወደቡ በኩል ሆነን ነው።

ዳይመንድ ፕሪንሰስ ጥር 20 ቀን 2020 ከጃፓን ዮኮሃማ ተነሳች። አንድ መንገደኛ ከአምስት ቀን በኋላ ሆንግ ኮንግ ላይ ወረደ፤ በየካቲት 1 ኮሮና እንዳለበት ታወቀ። እሱ ከወረደ በኋላ መርከቧ ላይ ቡፌው፣ ቲያትሩ፣ ጭፈራው ለቀናት እንደተለመደው ቀጥሎ ነበር። የካቲት 3 ዮኮሃማ ስትመለስ 3,711 ሰው ተሳፍሮባታል። በ5ኛው ቀን የመጀመሪያዎቹ 10 ታማሚዎች ሲገኙ መንገደኛው ሁሉ ከክፍሉ እንዳይወጣ ታዘዘ፤ 14 ቀን። ራጉሳ ነው በሉት! ልዩነቱ ራጉሳ ደሴት ነበራት፤ እዚህ ደሴቱ ራሷ መርከቧ ሆነች።

መንገደኛው በክፍሉ ተዘጋ፣ ጥሩ። ምግቡን ማን ያመጣለታል? አንሶላውንስ? ከ3,711ዱ ውስጥ 1,045ቱ ሠራተኞች ናቸው። እነሱ አልተዘጉም። ጠዋት፣ ቀትርና ማታ በየበሩ ምግብ እያንኳኩ ያድላሉ፣ ያገለገለውን ሳህን ይሰበስባሉ። ሲመሽ ወደ ታችኛው ፎቅ ወርደው በጠባብ ክፍል ተጋርተው ይተኛሉ፣ በአንድ የሠራተኛ መመገቢያ አዳራሽ አብረው ይበላሉ። በኋላ የተደረገው ምርመራ ያሳየው ይህንን ነው፦ መጀመሪያ ከታመሙት 20 ሠራተኞች ውስጥ 15ቱ የምግብ ክፍል ሠራተኞች ነበሩ። 16ቱ ደግሞ የሚያድሩት በአንድ ፎቅ፣ በሦስተኛው ላይ ነው። ዞሮ ዞሮ መርከቧ ላይ 712 ሰው ተያዘ፤ የሞቱም አሉ። በመንገደኛው ደጃፍ ላይ የተሰመረው መስመር በሠራተኛው መኝታ በኩል ክፍት ነበር። ካፒቴኑ ጄናሮ አርማ የወረዱት ከሁሉም መጨረሻ፣ መጋቢት 1 ቀን ነው፤ ለዚህ ብዙ ተመስግነዋል፣ ይገባቸዋልም። የእነዚያን ሳህን አመላላሾች ስም ግን የሚያውቅ የለም። ዓለም ከተዘጋ በኋላም መንገደኛ ወደየቤቱ ተልኮ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የመርከብ ሠራተኞች ለወራት ባሕር ላይ ቀሩ። ወደቦች አናስገባም ብለዋቸው ነበር።

ኮሮናን እንተወውና፣ በእነዚህ መርከቦች ላይ ዛሬም ስሙ የሚነሳው ኖሮቫይረስ ነው። ድንገት የሚጀምር ማስመለስና ተቅማጥ ያመጣል። የሚገርማችሁ፣ ይህ ቫይረስ ስሙን ያገኘው ከመርከብ አይደለም፤ ከትምህርት ቤት ነው! በ1968 ኦሃዮ ግዛት፣ ኖርዎክ በምትባል ከተማ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ግማሽ ያህሉ ተማሪና መምህር ታሞ ነበር። በ1972 ቫይረሱ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታይ የከተማዋ ስም ተሰጠው። ትምህርት ቤቶች፣ የአረጋውያን መጦሪያዎች፣ ምግብ ቤቶች ከመርከብ ይልቅ ብዙ ጊዜ ይመታሉ። መርከብ ስሙ የጎላው ሰው የሚቆጠርበት ቦታ ስለሆነ ነው።

ቫይረሱ ክፉ ነው። ለመታመም ከ100 ያነሱ ቅንጣቶች ይበቃሉ፤ በበር እጀታ፣ በደረጃ መደገፊያ፣ በቡፌ ማንኪያ ላይ ለቀናት ይቆያል። በየበሩ የሚሰቀለው አልኮል ሳኒታይዘርም እንደ ሌሎቹ ጀርሞች በቀላሉ አይገድለውም። የሚሻለው የእናቶቻችን ዘዴ ነው፤ ውኃና ሳሙና፣ እሱም በደንብ አሽቶ።

ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዷ መርከብ ላይ ክፍል ታጸዳለች። በቴሌግራም ሳወራት "ቲቸር፣ እጄ በክሎሪን አልቋል" ትለኛለች እየሳቀች። የጠየቅኳት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሆድሽን ሲያምሽ ትናገሪያለሽ ወይ? ዝም አለች። ቆይታ "ከተናገርኩ ክፍል ያስቀምጡኛል፣ ደመወዙ አይቀርም፣ ጉርሻው ግን ይቀራል። ቤተሰብ የምልከው ደግሞ ከጉርሻው ነው" አለችኝ። እኔ በዚህ ላይ ምን እላለሁ? ያን የሱዌዙን ካፒቴን አስታወሰችኝ፤ ልዩነቱ እሱ መርከብ ሙሉ ጭነት ነበረው፣ እሷ ያላት የወር አስቤዛ ነው።

ደግነቱ፣ ከ1970ዎቹ ወዲህ ዓይኑን ወደ መርከቡ ውስጥ ያዞረ አሠራር አለ። የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል፣ በአጭሩ ሲዲሲ፣ ከውጭ ወደ አሜሪካ ወደብ የሚገቡ የመዝናኛ መርከቦችን ሳይነግር ገብቶ ይፈትሻል። ወጥ ቤቱን፣ የመጠጥ ውኃውን፣ መዋኛውን፣ የሕፃናት ክፍሉን ያያል። ከ100 ያርማል፤ 85ና ከዚያ በታች ወድቋል። አዎ፣ የእኔ ፈተና ከዚህ ይቀላል። ውጤቱ ለማንም ክፍት ነው። መርከቡም በተቅማጥና በማስመለስ ስንት ሰው እንደታመመበት፣ መንገደኛውንም ሠራተኛውንም ለየብቻ ቆጥሮ ወደብ ሳይደርስ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ምግብ የሚነካ ሠራተኛ ከታመመ ምልክቱ ከጠፋ በኋላ ቢያንስ 48 ሰዓት ከሥራ ይለያል። እኔ ትልቁ ለውጥ የምለው ይህን ነው፤ ሳህን ተሸካሚውም ተቆጠረ። የቀረው፣ በእነዚያ 48 ሰዓታት የሚቀርበትን ጉርሻ ማን ይተካዋል የሚለው ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ባንዲራ ስለምወድ። ድሮ ቢጫ ባንዲራ የሰቀለ መርከብ በሽታ ያለበት፣ አትቅረቡኝ የሚል ነበር። ዛሬ በዓለም አቀፉ የመርከቦች ምልክት ያው ቢጫ ባንዲራ ትርጉሙ ተገልብጧል፦ "መርከቤ ጤነኛ ነው፣ ወደብ ልግባ ፍቀዱልኝ" ማለት ነው።

ውጭ ያላችሁ ወዳጆቼ፣ በዚህ ክረምት እናት አባቶቻችሁን ይዛችሁ የምትሳፈሩ ካላችሁ፣ ትኬት ሳትቆርጡ የመርከቡን የፍተሻ ውጤት እዩ። ቡፌ ከመነሳታችሁ በፊት እጅ በሳሙና፤ ለእኛ ይሄ አይነገረንም፣ እንጀራ በእጃችን ነው የምንበላው። ጋሼም እትዬም ሆዳቸውን ካመማቸው "የባሕር ሕመም ነው፣ ይተወኛል" ብለው እንዳይደብቁ፤ የመርከቡን ክሊኒክ ይደውሉ። ክፍላችሁን የምታጸዳዋ ልጅ ደግሞ ሁለት ቀን ጠፍታ ሌላ ሰው ከተተካ፣ ጉርሻዋን በፖስታ አድርጋችሁ ስሟን ጻፉበትና እንግዳ መቀበያው ጋ አስቀምጡላት።