ወለሉ የሚከዳው ጨዋታ

የአሜሪካው ቤተስዳ እ.ኤ.አ. በ1996 «ዳገርፎል»ን ሲያወጣ ከ15 ሺህ በላይ ከተሞች፣ መንደሮችና ዋሻዎች ያሉበትን ምናባዊ ዓለም ነው የሸጠው። ያን ሁሉ በእጅ መሥራት አይታሰብም፤ አብዛኛውን ኮምፒውተር በቀመር ገጣጠመው።

ግን ስንት ሰዓት የለፋ ተጫዋች ዋሻው መሐል ወለሉ ይከዳውና ጥቁር ባዶ ውስጥ ይወድቃል። አንዳንዱ ተልዕኮም ከነጭራሹ አይጨረስም። ኩባንያው በኋላ ያመጣው መላ ያስቃል፦ የወደቀውን ወደ ቆመበት የሚመልስ ቁልፍ! ቀዳዳው እንዳለ ነው።

ሰዉ ግን ጥሎት አልሄደም። በ2009 ጨዋታው በነፃ ተለቀቀ። ወዳጆቹ ሥዕሉንና ካርታውን አቆይተው ፕሮግራሙን በዘመናዊ መሣሪያ እንደ አዲስ ጻፉት፤ ያውም ያለ ደመወዝ። ሙሉው «ዳገርፎል ዩኒቲ» የወጣው ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ገዢው ራሱ ጠጋኝ ሆነ ማለት ነው።

ዛሬም የድሮውን ቅጂ ከነቀዳዳው የሚመርጡ አሉ።