ባለ አራት ማዕዘኑ ወይስ ባለ መስመሩ?

ትናንት ማታ ከድሮ ተማሪዎቼ አንዱ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ፦ «ቲቸር፣ ልጄ ሮለር ስኬት ግዛልኝ እያለ ቁም ስቅሌን አሳየኝ። ጎማው እንደ መኪና ሁለት ፊት ሁለት ኋላ የሆነውን ልግዛለት ወይስ በአንድ መስመር የተደረደረውን?» የታሪክ አስተማሪ ጠይቆ አጭር መልስ የሚጠብቅ ሰው የዋህ ነው። እዚሁ ልመልስለት፣ ሌሎቻችሁም ልጆች አሏችሁ። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።)

ብዙ ሰው ባለ መስመሩ አዲስ፣ ባለ አራት ማዕዘኑ የጥንት ይመስለዋል። ነገሩ ግን ተገላቢጦሽ ነው። ፈረንሳዊው ፔቲብሌ በ1819 መብቱን ያስመዘገበው ጫማ ሦስት ጎማ በአንድ መስመር ነበረው። በ1823 ደግሞ ለንደን ላይ ሮበርት ታየርስ አምስት አደረጋቸው። የሁለቱም ሐሳብ የበረዶ መንሸራተቻን ብረት መምሰል ነው።

ችግሩ መሄዱ አልነበረም፤ መዞሩና መቆሙ ነው እንጂ። ከእነሱ በፊት በ1760ዎቹ፣ ጆን ጆሴፍ መርሊን የሚባል የሙዚቃ መሣሪያ ሠሪ ለንደን ውስጥ በአንድ ትልቅ ግብዣ ላይ በጎማ ጫማ እየተንሸራተተ፣ ቫዮሊኑንም እየተጫወተ ገባ አሉ። ፍሬን የለ፣ መሪ የለ! ከ500 ፓውንድ በላይ የሚያወጣ መስታወት ላይ ተላተመ፤ መስታወቱም ቫዮሊኑም እንክትክት፣ እሱም ክፉኛ ቆሰለ። ወጉ የተጻፈው ከብዙ ዓመት በኋላ ስለሆነ ትንሽ ቅመም ሳይጨመርበት አልቀረም፤ ቢሆንም እወደዋለሁ።

ይህን ችግር የፈታው አሜሪካዊው ጄምስ ፕሊምፕተን ነው። በ1863 ጎማዎቹን ሁለት ሁለት አድርጎ ከጫማው ጋር በላስቲክ ትራስ አያያዛቸው። ሰውነትህን ወደ ቀኝ ስታዘነብል ጎማውም ወደ ቀኝ ይዞራል። በቃ፣ ይቺው ናት። ስኬት የብልሃተኞች ትርኢት መሆኑ ቀርቶ ማንም ሰው አዳራሽ ገብቶ የሚጫወተው ነገር የሆነው በዚህ ነው። በ1884 ደግሞ ሌቫንት ሪቻርድሰን ኩሽኔታ ገባበትና ቀለል ብሎ መሽከርከር ጀመረ። (አሮጌ ኩሽኔታ ከጋራዥ ለምነን የእንጨት መኪና የሠራን ልጆች ይህ ማንም ሳያስተምረን ይገባናል።)

ባለ መስመሩ ተመልሶ የመጣው በ1980 ገደማ፣ በሚኒያፖሊስ የኦልሰን ወንድማማቾች እጅ ነው። የበረዶ ሆኪ ተጫዋቾች ነበሩ፤ በረዶው በሚቀልጥበት ወቅት መለማመጃ ፈለጉ። ስለዚህ ለፍጥነትና ለረጅም መንገድ የሚሆን ጫማ ሆነ።

እንግዲህ ወዳጄ፣ መጀመሪያ ልጁ የት ሊነዳው እንደሆነ ንገረኝ። ለስላሳ ወለል ላይ መዞር፣ መደነስ ከፈለገ ባለ አራት ማዕዘኑ ነው፤ ሲቆሙበትም አያንገዳግድም፣ ፍሬኑ ጣቱ ጋ ነው። አስፋልት ላይ ርቆ መሄድ ካማረው ባለ መስመሩ ይሻለዋል፤ ጎማው ተለቅ ስለሚል ትናንሽ ስንጥቅ አይይዘውም፣ ፍሬኑ በብዛት ተረከዙ ጋ ነው። ለውጭ ለስለስ ያለ ጎማ ምረጥ፤ 78ኤ ወይም 80ኤ የሚል ቁጥር ተጽፎበት ታያለህ። 95ኤና ከዚያ በላይ ያለው ለአዳራሽ ነው። ሰፈራችሁ ኮብልስቶን ከሆነ ሁለቱም አይሆንም፣ ሜዳ ፈልግለት።

አንድ ነገር ግን እንደኔ እንዳታደርግ። ለልጄ ስገዛ «ታድግበታለች» ብዬ በሁለት ቁጥር አስበለጥኩ። እግሯ ውስጡ ሲዋልል ቁርጭምጭሚቷ ተጣጠፈ፣ ስትወድቅ በእጇ ተደገፈች፣ የእጇ አንጓ ተሰበረ። የእጅ መከላከያውንም ያልገዛሁት ብር ለመቆጠብ ብዬ ነበር። ጄሶው ከተፈታ በኋላ ያን ጫማ ዳግም አልነካችውም፤ አሁንም ቁም ሳጥን ላይ ተቀምጧል።

የልጁን እግር ካልሲ አስደርገህ ለካውና ቁጥሩን ላክልኝ።