የትራያምፍ ቲአር መሪ፦ ከሳጥን ወደ ጥርሳም ዘንግ

የእንግሊዙ ትራያምፍ ኩባንያ ቲአር2 የተባለችውን የስፖርት መኪና እ.ኤ.አ. በ1953 ለገበያ ሲያቀርብ ሐሳቡ ፈጣን መኪና በመጠነኛ ዋጋ መሸጥ ነበር። በዚያው ዓመት ግንቦት ወር የሙከራ ሹፌሩ ኬን ሪቻርድሰን፣ አየሩን በቀላሉ እንድትሰነጥቅ የተስተካከለች አንዲት ቲአር2 ቤልጅግ ውስጥ ጃቤኬ በተባለው አውራ ጎዳና ላይ በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ነዳት። በ1956 ተከታይዋ ቲአር3 ከፊት ዲስክ ፍሬን ተገጠመላት። መሪዋ ግን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት በነበረው አሠራር ቀጠለ።

ይህ መሪ የሚሠራው ከራዲያተሩ አጠገብ ባለ የብረት ሳጥን ውስጥ ነው። ከመሪው የሚወርደው ረጅም ዘንግ ጫፉ ላይ እንደ ብሎን የሚጠማዘዝ ቦይ አለው፤ በቦዩ ውስጥ አንዲት ሾጣጣ ችካል ትንሸራተታለች። ዘንጉ ሲዞር ችካሏ ትገፋለች፤ የተተከለችበት ክንድም እየዞረ፣ እርስ በርስ በተያያዙ ዘንጎች አማካይነት የፊት ጎማዎቹን ያዞራል። መኪና አብዛኛውን ጊዜ ቀጥ ብላ ስለምትሄድ ቦዩ ቀድሞ የሚበላው መሃሉ ላይ ነው። መካኒኩ ይህን ክፍተት ለማጥፋት ሲያጠብቀው፣ ብዙም ያልተበላው ዳሩ ላይ ሲደርስ መሪው ይይዛል፤ ለዳሩ ብሎ ሲያላላው ደግሞ መሪው መሃል ላይ ይንገዋለላል። የጡሩንባና የፍሬቻ ሽቦ የሚያልፍበት ቀጭን ቱቦም በሳጥኑ ጫፍ ስለሚወጣ ዘይት በዚያ በኩል ማንጠባጠቡ የተለመደ ነው። ከሁሉ የሚከፋው ዘንጉ ራሱ ነው። በአብዛኞቹ ቲአር2 እና ቲአር3 መኪናዎች ከሳጥኑ እስከ ሹፌሩ ፊት ያለ መታጠፊያ የሚዘልቅ ብረት በመሆኑ፣ ከፊት ግጭት ሲደርስ ወደ ደረቱ ይገፋል።

የተሻለው መንገድ በዚያን ጊዜ የታወቀ ነበር። ራክና ፒኒየን በሚባለው አሠራር በመሪው ዘንግ ጫፍ ላይ ያለ ትንሽ ጥርሳም መዘውር፣ ጥርስ የወጣለትን አግዳሚ ብረት (ራኩን) ወደ ቀኝና ወደ ግራ ይነዳዋል። መገጣጠሚያው ጥቂት ስለሆነ ሹፌሩ መንገዱን በእጁ ያውቀዋል። ቢኤምደብሊው በ1936 በ328 ላይ፣ ሞሪስ በ1948 በማይነር ላይ፣ ኤምጂ በ1950 በቲዲ ላይ፣ ጃጓር በ1954 በኤክስኬ140 ላይ ተጠቅመውበታል። ትራያምፍ በ1959 ሄራልድ ለተባለችው ትንሽ መኪናው፣ በ1961 ደግሞ ለቲአር4 ሰጠው። በስፖርት መኪና ስሙን ለገነባ ኩባንያ ይህ በጣም ዘግይቷል።

የቀደሙት ቲአሮች ባለቤቶች ኩባንያው ያልሰጣቸውን በኋላ ራሳቸው መግጠም ጀመሩ። ሳጥኑ ይወጣል፤ በቦታው ራክ ይታሰራል፤ ቀጥ ያለው ዘንግ መታጠፊያ ባለው ይተካል። ሥራው ግን ብሎን ፈትቶ ብሎን በማሰር ብቻ አያልቅም። የራኩ ርዝመትና ከፍታ የፊት ጎማዎቹን ከያዙት ክንዶች ጋር ካልተጣጣመ፣ ጎማው ጉድጓድ ሲያገኝና ሲነሣ ሲወድቅ መሪው ሳይነካ አቅጣጫውን ይስታል። በዚህ ሁኔታ የተገጠመ አዲስ ራክ፣ በደንብ ከታደሰ አሮጌ ሳጥን ይብሳል።

በየጊዜው መንገድ ለምትወጣ ቲአር3 ለውጡ ይበጃታል፤ በተለይ ዘንጉን መቀየር ለሕይወት ዋስትና ነው። ሻንሲው ሳይቆረጥ መሠራት አለበት፤ የወጣው ሳጥንም እንደ ብረት ቁርጥራጭ ከመሸጥ ይልቅ ከመኪናዋ ጋር ይቀመጥ።